ቆዳን ከፀሐይ ጉዳትና ያለ ዕድሜ ከማርጀት መጠበቅ፤ የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞች ሁኔታ

በሀገራችን ፀሐይ የበረከት ምንጭ ተደርጋ ትታያለች። እህሉ የሚያፈራው፣ የማረቆ በርበሬ የሚደርቀው፣ የሕፃናት አጥንት የሚጠነክረው በእርሷ ነው። ከዚህም የተነሣ ፀሐይ በቆዳ ላይ ጉዳት ታደርሳለች ሲባል ነገሩን የነጮች ጭንቀት ብቻ አድርጎ መውሰድ የተለመደ ነው። በተለይም እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ነፋሻ አየር ባላቸው ከተሞች ሙቀቱ እምብዛም የሚያስጨንቅ ባለመሆኑ ነዋሪው ቀኑን ሙሉ ያለ ባርኔጣና ያለ ጃንጥላ ሲንቀሳቀስ ይውላል።

ይሁን እንጂ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ሙቀት ሳይሆን በዓይን የማይታየውና በአካል የማይዳሰሰው አልትራቫዮሌት የተሰኘው ጨረር ነው። ይህ ጨረር አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜም ይኖራል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥርም ይበረታል። ስለሆነም ቀዝቃዛው ነፋስ ጨረሩን አይቀንስም፤ የሚቀንሰው የሰውን ጥንቃቄ ነው።

የአካባቢው አቀማመጥና የጨረሩ ኃይል

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቀደም ሲል በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር የነበሩት እነዚህ ከተሞች የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆነው በማገልገል ላይ ይገኛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ በጉራጌ ምድር ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ማስተዋል ይቻላል። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ሙቀቱ ስለሚበረታበት ጥላ ይፈልጋል። ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣው ግን ብርዱን ለመከላከል ጋቢ ይደርባል እንጂ ስለ ፀሐይ አያስብም። ሰማዩ በሁለቱም ቦታ ጥርት ያለ ከሆነ ግን ይበልጥ ኃይለኛ ጨረር የሚያርፍበት በብርድ ውስጥ ያለው መንገደኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአካባቢው ለምድር ወገብ መቅረብ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት፣ በቀጥታ በአናት ላይ ታልፋለች። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በእኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ ከ1 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህም በአካባቢው የእኩለ ቀን ፀሐይ ደካማ የምትሆንበት ወቅት እንደሌለ ያመለክታል።

ደመናም ቢሆን አስተማማኝ ከለላ አይደለም። ስስ ደመና ከጨረሩ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ሊያሳልፍ ይችላል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በሚጠራበት በመስከረም ደግሞ ፀሐይ ገና ከአናት እምብዛም አልራቀችም። ለመስቀል በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው የጉራጌ ተወላጅ ቀኑን በደጅ የሚያሳልፈው በዚሁ ወቅት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ጨረሩ በቆዳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ምድር ላይ የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር በሁለት ይከፈላል። ዩቪ ቢ የተባለው በአመዛኙ በላይኛው የቆዳ ክፍል ላይ የሚያርፍ ሲሆን ቆዳን ያቃጥላል፤ የሕዋሳትን የዘር ቅንጣትም ይጎዳል። ዩቪ ኤ የተባለው ደግሞ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ዘልቆ በመግባት ቆዳን ወጥረው የሚይዙትን ኮላጅንና ኤላስቲን የተባሉ ክሮች ይበጣጥሳል። ክሮቹ ሲላሉ ቆዳው ይሸበሸባል፣ ይሻክራል፣ መልኩም ይዥጎረጎራል። ባለሙያዎች ያለ ዕድሜ የመጣ የቆዳ እርጅና የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዩቪ ኤ ተራ መስታወትን አልፎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የ69 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ አሜሪካዊ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ፎቶግራፍ ታትሞ ነበር። ግለሰቡ ለ28 ዓመታት ባሽከረከረበት ጊዜ በጎን መስታወት በኩል ፀሐይ ያገኘው የግራ ፊቱ በእጅጉ ተሸብሽቦና ወፍሮ ሲታይ የቀኝ ፊቱ ግን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በሀገራችንም መሪ በግራ በኩል በመሆኑ በአዲስ አበባ - ወልቂጤ - ጅማ መስመር ዘወትር የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች፣ እንዲሁም ጠረጴዛቸው ከመስኮት አጠገብ የሆነ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት ይኖራል።

ጉዳቱ የሚጠራቀም መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በልጅነትና በወጣትነት ቆዳ ላይ ያረፈው ጨረር ውጤቱ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጨረሩ ከቆዳ ባሻገር ዓይንንም የሚጎዳ ሲሆን ለዓይን ሞራ ግርዶሽ አንዱ ምክንያት ነው።

ጥቁር ቆዳና ማድያት

ጥቁር ቆዳ ሜላኒን በተባለው ቀለም አማካይነት የተፈጥሮ ከለላ ያለው መሆኑ እውነት ነው። በዘርፉ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው በጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ ዘልቆ የሚያልፈው ዩቪ ቢ ጨረር 7 በመቶ ገደማ ሲሆን በነጭ ሰው ግን 24 በመቶ ገደማ ነው። ዩቪ ኤ በተመለከተ ደግሞ አኃዙ 17 እና 55 በመቶ ገደማ ነው። በመሆኑም በጥቁሮች ዘንድ በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በእጅጉ አነስተኛ ነው፤ መሸብሸቡም ዘግይቶ ይመጣል።

ነገር ግን የተፈጥሮ ከለላው ሙሉ አይደለም። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የፀሐይ ጉዳት ቀድሞ የሚገለጸው በመሸብሸብ ሳይሆን በቀለም መዛባት ነው። ጉንጭን፣ ግንባርንና የላይኛውን ከንፈር አካባቢ የሚያጠቁረው ማድያት ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ማድያት በሴቶች ላይ፣ በተለይም በእርግዝና ወቅትና የሆርሞን የወሊድ መከላከያ በሚወሰድበት ጊዜ፣ የሚበዛ ሲሆን ፀሐይ ታባብሰዋለች። የሚታየው የፀሐይ ብርሃንም ጭምር ሊያባብሰው እንደሚችል ተረጋግጧል። ብጉር ወይም ቁስል ጥሎት የሚሄደው ጠባሳም ለፀሐይ ሲጋለጥ ይበልጥ ይጠቁራል።

ጉዳዩ እጅግ አሳሳቢ የሚሆነው ሰዎች ማድያትን ለማጥፋት በሚወስዱት እርምጃ ነው። ብዙዎች ወደ ሐኪም ከመሄድ ይልቅ ጎረቤት የመከራቸውን ወይም ከሱቅ ያገኙትን ፊት የሚያነጣ ቅባት ይጠቀማሉ። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሊውሉ የማይገባቸው ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችን፣ ሃይድሮኪኖንን ወይም ሜርኩሪን የያዙ ናቸው። ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን የሚያጠራ ቢመስልም እየዋለ ሲያድር ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያጋልጣል፣ ብጉር ያወጣል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ያለ ክትትል ሲወሰድ ቆዳውን መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል። ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ ቆዳው የተፈጥሮ ከለላውን ስለሚያጣ ለፀሐይ ይበልጥ ይጋለጣል። ማድያቱን ያመጣችው ፀሐይ ናት፤ ቅባቱ የሚያፈርሰው ደግሞ ፀሐይን የሚከላከለውን ግድግዳ ነው።

ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች

ከሁሉም ቀድመው የሚጠቀሱት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖች ናቸው። እነዚህ ወገኖች ቆዳቸው ሜላኒን የሌለው ወይም ያነሰው በመሆኑ ለእነርሱ የፀሐይ ጉዳይ የውበት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ በሚገኙ ሀገሮች ጥበቃ ያላገኙ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይያዛሉ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ጁን 13፣ ማለትም ሰኔ 6፣ በየዓመቱ የአልቢኒዝም ቀን ሆኖ ይከበራል። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ በክፍል ውስጥ ከመስኮት ርቆና ወደ ሰሌዳው ቀርቦ እንዲቀመጥ፣ የስፖርት ትምህርቱን በጥላ ሥር ወይም በማለዳ እንዲከታተል፣ ረጅም እጅጌ ልብስና ባርኔጣ እንዲያደርግ መፍቀድ ወጪ የማይጠይቅና በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊፈጸም የሚችል ተግባር ነው።

ቀጥለው የሚጠቀሱት በሥራቸው ምክንያት ቀኑን በፀሐይ የሚያሳልፉት ናቸው። ገበሬዎች፣ የጉልት ነጋዴዎች፣ የትራፊክ ፖሊሶች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ የኮብልስቶንና የግንባታ ሠራተኞች፣ የመሬት ቅየሳ ባለሙያዎች፣ የግብርና ልማትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በጋራ ይፋ እንዳደረጉት ሜላኖማ ባልሆነ የቆዳ ካንሰር ከሚሞቱ ሦስት ሰዎች ለአንዱ ገደማ መንስኤው በፀሐይ ላይ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ ለዚህ ጨረር የተጋለጡት ሰዎች ቁጥርም 1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ይገመታል።

አንዳንድ መድኃኒቶችም ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ያደርጋሉ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ዶክሲሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህን የሚወስድ ሰው በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ጥንቃቄውን በመጨመር ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

ጥላ፣ ልብስና ባርኔጣ

የጨረሩን መጠን የሚለካ መሣሪያ በእጅ ባይኖርም እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለኪያ አለው፤ ይኸውም የገዛ ጥላው ነው። የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ጨረሩ ኃይለኛ ነው ማለት ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በሰዓታችን 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በመሆኑም ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። የመስክ ሥራን በማለዳ ጀምሮ በእኩለ ቀን ዕረፍት ማድረግ ከማንኛውም ቅባት የላቀ መከላከያ ነው።

ባርኔጣ ሲመረጥ ክፈፉ ዙሪያውን ሰፊ የሆነውን መውሰድ ይመረጣል። ከፊት ብቻ ክፈፍ ያለው ኬፕ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም። ጃንጥላ የዝናብ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ጥቁር ጃንጥላ ከጨረሩ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ማገድ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ድርብ ያልሆነ ስስ ነጠላ ግን ብዙ ጨረር ያሳልፋል። ጨርቁን በብርሃን አቅጣጫ ይዞ መመልከት ይጠቅማል፤ በውስጡ አሻግሮ የሚያሳይ ከሆነ ጨረሩንም ያሳልፋል። ነጠላውን አጥፎ መከናነብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ልብስ መልበስ ይመረጣል።

ቅቤና ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳሉ፣ ከድርቀትም ይጠብቃሉ፤ ሆኖም ከፀሐይ ጨረር አያድኑም። ቆዳው ወዘና ስላለው ብቻ ተጠብቋል ማለት አይቻልም።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ወይም ሰንስክሪን ከልብስና ከጥላ ቀጥሎ የሚመጣ ተጨማሪ መከላከያ ነው። በዕቃው ላይ ኤስ ፒ ኤፍ ከሚለው ምልክት ጎን የሚጻፈው ቁጥር ከዩቪ ቢ የመከላከል አቅሙን ያመለክታል። 15 ቁጥር 93 በመቶ፣ 30 ቁጥር 97 በመቶ፣ 50 ቁጥር 98 በመቶ ገደማ ያግዳል። በመሆኑም 30 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪ ኤንም እንደሚከላከል በገላጭ ጽሑፉ የተመለከተ ቅባት መምረጥ በቂ ነው። ማድያት ላለባቸው ሰዎች አይረን ኦክሳይድ የያዘና የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ይመከራል፤ የሚታየውን ብርሃንም የሚያግደው ይኸኛው ነውና።

ለፊትና ለአንገት የሚበቃው መጠን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው። ከቤት ከመውጣት 15 ደቂቃ አስቀድሞ መቀባትና በየሁለት ሰዓቱ መድገም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ የወጣና ከ900 በላይ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል የተከታተለ ጥናት እንዳመለከተው ቅባቱን በየዕለቱ የተጠቀሙት ሰዎች ቆዳ፣ አልፎ አልፎ ከተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር፣ የእርጅና ምልክቱ በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ቅባቱ ዋጋው ከብዙዎች አቅም በላይ ሊሆን እንደሚችል አይካድም። አቅሙ ውሱን የሆነ ቤተሰብ በቅድሚያ ባርኔጣና ጃንጥላ ቢገዛ፣ ቅባቱን ደግሞ አልቢኒዝም ላለበት የቤተሰቡ አባል ቢያውል ይመረጣል።

ሕፃናትና የማለዳ ፀሐይ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ፀሐይን ጨርሶ ሽሹ ማለት አይደለም። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚያዘጋጀው በፀሐይ አማካይነት ሲሆን እጥረቱ በሕፃናት ላይ የአጥንት መለስለስ ያስከትላል። በአዲስ አበባ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ይህ ችግር ያለባቸው ሕፃናት ለሳንባ ምች የመጋለጥ ዕድላቸው 13 እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለሆነም እናቶች ሕፃናትን ከልብስ አራቁተው ለአጭር ጊዜ የማለዳ ፀሐይ የማሞቅ ልማዳቸው ሊቀጥል ይገባል። የሚከለከለው የእኩለ ቀኑ ፀሐይ ነው።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው

ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ መጠኑና ቀለሙ የሚለዋወጥ ወይም የሚደማ ምልክት፣ እንዲሁም በእግር መዳፍ ወይም በጥፍር ሥር አዲስ የወጣ ጥቁር ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል። በእግር መዳፍ የሚወጣው ካንሰር በፀሐይ የሚመጣ ባይሆንም በጥቁሮች ዘንድ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚገኘው እርሱ ነው። በአካባቢው እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በወልቂጤና በቡታጅራ የሚገኙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የመጀመሪያውን ምርመራ ለማግኘት የቀረቡ ናቸው። በቡታጅራ የሚገኘው የግራርቤት ሆስፒታል ደግሞ በዓይን ሕክምና አገልግሎቱ ይታወቃል። ከፍ ያለ የቆዳ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በሀገሪቱ በመስኩ ረጅም ልምድ ያለው ተቋም ነው።

የመሥሪያ ቤቶችና የአመራሩ ድርሻ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችንና አልባሳትን እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀማቸውም እንዲያስረዳ ያስገድዳል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆኑም መርሁ ለእነርሱም የሚበጅ ነው። ለመስክ ሠራተኛ ጫማና የዝናብ ልብስ የሚመድብ መሥሪያ ቤት በዚያው ዝርዝር ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ቢያክል ወጪው አነስተኛ ነው።

በከተማ ፕላንና በገበያ ልማት ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎችም አንድ ነጥብ ሊያስተውሉ ይገባል። በእነዚህ ከተሞች የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ትውላለች። በመሆኑም ለጉልት ነጋዴዎች የሚሠራ መጠለያ በአንድ ወገን ብቻ ጣሪያ ካወጣ የዓመቱን የተወሰነ ክፍል ጥላ አይሰጥም፤ ክዳኑ በሁለቱም ወገን መዘርጋት አለበት። በመናኸሪያዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋማት ቅጥር ግቢ ውስጥ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችን መትከልም ተራ ጠባቂውን፣ ተማሪውንና ሕመምተኛውን ለዓመታት የሚጠብቅ ሥራ ነው።

የመዋቢያ ምርቶችን ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካላት ተሰጥቷል። በየደረጃው የሚገኙ የጤና ተቆጣጣሪዎች ገላጭ ጽሑፍ የሌላቸውን የፊት ማንጫ ቅባቶች ከገበያ በማስወገድ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በቤት ለቤት ትምህርታቸው ስለ ማድያትና ስለ አልቢኒዝም በማስገንዘብ ድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።

በጥቅሉ ፀሐይ በቆዳ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ቀስ በቀስ የሚመጣ፣ በአመዛኙ የማይመለስ፣ ሆኖም በቀላል ጥንቃቄ ሊቀነስ የሚችል ነው። የመከላከያው አብዛኛው ክፍል ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሳይሆን በሥራ ሰዓት አመዳደብ፣ በባርኔጣ፣ በጃንጥላና በዛፍ ጥላ የሚገኝ በመሆኑ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከራሱና ከቤተሰቡ፣ እያንዳንዱ የሥራ ኃላፊም በሥሩ ካሉት የመስክ ሠራተኞች ሊጀምር ይገባል።